ካየሽኝ ነይ፤ ካላየሽኝ ቁሚ!

ጠጋ በሉ ልጆች! ይህ ታሪክ ትንሽ ያስፈራል። የፈራ ካለ እጄን ይያዝ፤ ያልፈራም ይያዝ።

ሰሎሜ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። እቤት ግን ማንም ሰሎሜ አይላትም፤ የቤት ስሟ እንቡጤ ነው።

የጥምቀት ዕለት እናቷ አዲስ ነጭ ቀሚስ አለበሰቻት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» አለችና ራሷም ነጭ ነጠላዋን ለበሰች።

ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እናቷ ቁጢጥ አለች። «ዛሬ ሰው ይበዛል። ካየሽኝ ነይ፤ ካላየሽኝ ቁሚ! እሺ?»

«እሺ እማዬ።»

«ሰው ልውሰድሽ ካለሽስ? የቤት ስምሽን ካወቀ ሂጂ፤ ካላወቀ እንቢ በይ!»

«እሺ አልኩሽ እኮ!» አለች ሰሎሜ። ልቧ ከበሮው ጋ ነበር።

ድም! ድም! ድም! እልልልልል! ሜዳው በሰው ሞላ።

ሰሎሜ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። የሚያብለጨልጩት ጥላዎች ሲያልፉ ግን ልታጨበጭብ ለቀቀችው።

አጨብጭባ ስትጨርስ ነጠላውን መልሳ ያዘች። ሄደች፣ ሄደች፣ ሄደች።

«እማዬ፣ ደከመኝ» አለች።

ባለ ነጠላዋ ዞር አሉ። ውይ! እማዬ አይደሉም!

ሰሎሜ ደንግጣ ለቀቀቻቸው። ሴትዮዋም ከሰው ጋር እየተገፉ ሄዱ።

ወደዚህ ብታይ ነጭ ነጠላ። ወደዚያ ብታይ ነጭ ነጠላ። የእማዬ ግን የለም።

ልቧ ድው! ድው! አለ። እግሯ «ሩጪ! ሩጪ!» አላት።

«ቆይ፣ እማዬን አያታለሁ?» ብላ ራሷን ጠየቀች። «አላያትም።»

ካየሽኝ ነይ፤ ካላየሽኝ…?

ቁሚ!

ሰሎሜ አንድ ዛፍ ሥር ቆመች። እያለቀሰች ቆመች።

«ሆ! ሆ! ሆ!» ዱላ የያዙ ጎረምሶች እየዘለሉ መጡ። ሰሎሜ ዛፉን እቅፍ አደረገች።

አንዲት ሌላ ሴትዮ ጎንበስ አሉ። «ምነው የኔ ልጅ? ነይ፣ እናትሽ ጋ ልውሰድሽ።»

እጃቸው ለስላሳ ነው። ሰሎሜ መሄድ በጣም አማራት።

«የቤት ስሜን ያውቁታል?» አለቻቸው።

«ሚሚ?»

«አይደለም!»

«ሚጣ?»

«አይደለም!»

«ኧረ እኔ እንጃ!»

ካወቀ ሂጂ፤ ካላወቀ…?

«እንቢ!» አለች ሰሎሜ፣ እንባዋ እየወረደ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «አበስኩ ገበርኩ! እንዴት ያለሽ ጎበዝ ነሽ! እንግዲያው እኔም እዚሁ አብሬሽ እቆማለሁ።» ቆሙም።

ሰው እየቀነሰ ሄደ። ጀንበር አዘቀዘቀች።

ሰሎሜ አንድ ነገር አሰበችና ከቅድሙ የባሰ ፈራች። «እኔ ቆሜ፣ እማዬም ከቆመች፣ ማን ሊያገኘኝ ነው?»

ያን ጊዜ ከሩቅ የሰለለ ድምፅ ተሰማ። «እንቡጤ! እንቡጤዬ!»

እማዬ ናት! ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። አንድ ጫማዋም የለም።

ካየሽኝ…?

ነይ!

ሰሎሜ ሮጠች። ሮጣ እናቷ አንገት ላይ ጥምጥም አለች። እናቷ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ደግሞ ታለቅሳለች።

ማታ አልጋቸው ውስጥ ሆነው ሰሎሜ አሁንም ትንሽ ፈርታለች።

«እማዬ፣ አንቺስ? ካላየሽኝ ትቆሚያለሽ?»

«እኔ?» አለች እናቷ፣ ሳብ አድርጋ እያቀፈቻት። «እኔ ካላየሁሽ፣ እስካገኝሽ ድረስ አልቆምም።»