የሰባት ቤት ቆጠራ

ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ደሴ በክረምት እንዲህ ናት፤ ገና ከሰዓት በኋላ ነው ሲሉ አመሻሽ ይመስላል። ትርንጎ ጓዳ ተቀምጣ ለአልጫው ድንች ትልጣለች፤ ልጣጩ ከቢላዋው ስር እየተጥመለመለ ሳፋው ውስጥ ይወድቃል፣ የጥሬ ድንች እርጥብ ሽታ እጇ ላይ ተጣብቋል፣ ከሳሎን ደግሞ ባሏ አጥናፉ ወንበር ባንቀሳቀሰ ቁጥር የጣውላው ወለል ይንቋቋል። ዛሬ አንድ ልጃቸውን ፍኖትን ሊጠይቁ ቀደም ብለው የመጡት ሽማግሌዎች ምላሽ የሚሰሙበት ቀን ነው።

አጥናፉ ጡረታ የወጣ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነው። ከዘመኑ ጋር ብዙም አይጣላም፤ ልጅቷ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ባሏን ራሷ ስትመርጥ እንኳ ደግ አደረግሽ ነው ያላት። አንድ ነገር ግን አይለቅም። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጁን አይድርም። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ደሙ የሚገናኝ ሰው አይጋባም፣ አባቶቹ ያሉት ይህን ነው፣ አለቀ። ሌላው ቤተሰብ ቆጠራውን ለሽማግሌ ትቶ ይገላገላል፤ እሱ ግን አግቢው ልጅ ራሱ ፊቴ ቀርቦ አያት ቅድመ አያቱን ይጥራልኝ ብሏል። ፍኖትንማ ገና አፏን ስትፈታ ነው ያስጠናት። የጎረቤት ልጅ ሀሁ ሲል እሷ “ፍኖት አጥናፉ ይመር ተሰማ” እያለች እስከ ሰባተኛው ትዘልቅ ነበር፣ አጥናፉም እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስቆጥራታል። ያን ጊዜ ሁሉ ትርንጎ ጓዳ ውስጥ የምትሠራው ነገር አታጣም።

ምክንያቱን የሚያውቅ ሐኪም ነበር፣ እሱም ሞቷል። ትርንጎ ልጅ አጥታ፣ አማቷ በሰው ፊት መካን ሲሏት ኖራ፣ በመጨረሻ ከባሏ ጋር አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ለስላሳ ሰው ነበር። አጥናፉን ደጅ አስቀምጦ ችግሩ ከእሱ ነው አላት። “ባይሰማ ይሻላል፣ ወንድ ይህን ሲሰማ ይሰበራል። የእሱን ከለጋሽ ዘር ጋር ቀላቅለን እንሰጥሻለን። ከማን እንደፀነስሽ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ።” ለጋሹ ጤነኛ ወጣት እንደሆነ፣ ለብዙ እናቶች እንደደረሰ፣ አንድም ጊዜ እንዳልከሸፈ ጨምሮ ነገራት። ያኔ ይህ የምሥራች ነበር። ልጅ የራበው ሰው ብዙ ማለት ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም።

ምናልባት የአጥናፉ ናት፤ ትርንጎ በዚህች ምናልባት ኖረች። ፍኖት ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ግን ቁርጭምጭሚቷ በየእርምጃው ቀጭ ይል ጀመር፣ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበር ያለ ትንሽ ድምፅ። ሐኪም ምንም የለባትም አለ። አንገቷ ስር ደግሞ ምንም ብትታጠብ የማይለቅ ሽታ አላት፣ አሁን የተላጠ ድንች የሚሸተውን። በአጥናፉ ወገን እግሩ የሚጮኽ ሰው የለም፣ በትርንጎም ወገን የለም። ትርንጎ ድምፁን ለመደችው፣ ከዚያም ወደደችው፤ ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ሳይከፈት ታውቃት ነበር።

ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ፣ የሽማግሌዎቹ ሰላምታ ረዘመ፣ ሳሎኑ በካፖርትና በዝናብ ሽታ ተሞላ። ትርንጎ አልጫውን እያማሰለች ሳለ በጨለማው ኮሪደር የሚመጣ እርምጃ ሰማች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

“ፍኖት፣ እስቲ ያን ትሪ አቀብዪኝ” አለች ሳትዞር።

ትሪው ከጀርባዋ ተዘረጋላት። የያዘው እጅ የወንድ ነበር።

“ይኸው እትዬ” አለ ኢዮስያስ፣ የልጇ እጮኛ። እስከ ዛሬ በፎቶ ብቻ ነበር የምታውቀው። “ሳልስምዎት ከምቀመጥ ብዬ ነው።”

ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት። መልኩ ፍኖትን አይመስልም፣ ጠይም ነው፣ ረጅም ነው፣ ትርንጎም እግዜር ይመስገን ልትል አሰበች። ከሸሚዙ ኮሌታ የወጣው የተላጠ ድንች ሽታ ግን አፍንጫዋ ውስጥ ቀረ። የእጄ ነው አለች። እጇን በሎሚ አሸች፣ በሳሙና ደገመች፣ አሸተተችው፣ ሎሚ ሎሚ ብቻ ነው የሚለው። ልጁ ወደ ሳሎን ሲመለስ እርምጃው እየራቀ ቀጭ ይል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ አለች ለራሷ፣ እግሩ የሚንቋቋ ሰው ስንቱ ነው አለችና ትሪውን መሙላት ጀመረች።

ሳሎን ስትገባ ቆጠራው ተጀምሯል። ኢዮስያስ መሐል ቆሞ የጎጃም አያቶቹን አንድ በአንድ ይጠራል። አውራ ጣቱን ሌባ ጣቱ ላይ እያሻሸ ነው የሚጠራው። ቀጥሎ ፍኖት ተነሳች። የእሷም አውራ ጣት ሌባ ጣቷ ላይ ይሄዳል፤ እሱ ትንፋሽ ያዝ ያደረገው አራተኛው ስም ላይ ነበር፣ እሷም አራተኛው ላይ ያዝ አደረገች፣ ሲቀጥሉም በአንድ ዓይነት የለዘበ ድምፅ ነው፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ። አጥናፉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ይቆጥራል። ደስታው ፊቱን የልጅ አስመስሎታል። ትርንጎ ከዚያ ፊት ላይ ዓይኗን አነሳች።

ከፊት ለፊቷ የልጁ እናት ወይዘሮ ዘውዴ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ የፍኖትን አፍ ሲያይ ዘውዴ የምታየው እግሯን ነው። ፍኖት ወደ ቦታዋ ስትመለስ ቁርጭምጭሚቷ ቀጭ አለ፣ ዘውዴም እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኗ ከትርንጎ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ዘውዴ ነጠላዋን ቀስ ብላ እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

“እንግዲህ” አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ይርዳው፣ “ጎጃምና ወሎ ነው፣ በሰባትም አይገናኝ፣ በስምንትም አይገናኝ። ንጹሕ ነው። ውጭ የሚጠብቁት የልጁ ሚዜዎችም ይግቡና እንመርቅ።”

እልልታ ሆነ። ትርንጎ እልልታው በጆሮዋ ሳይሆን በጥርሷ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማት። ከምርቃቱ በኋላ ቃል አይታጠፍም፤ አሁን ካልተናገረች ፍኖት ለወንድሟ ትዳራለች። ከተናገረች ደግሞ አጥናፉ ዛሬ ልጅ አልባ ይሆናል፣ ልጅቷም አባት አልባ፣ እሷ ራሷም ከዚህ ቤት ትወጣለች። አንዴ ከሐኪሙ ክፍል ዝም ብላ ወጥታለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ተነሳች፣ የልጇን ክንድ ያዘች፣ “አንዴ ነይማ፣ ቀሚስሽን ላስተካክልልሽ” አለችና በኮሪደሩ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት።

በሩ ጋ እንደደረሱ መብራት ሄደ። ከሳሎን ሳቅና “ሻማ የት ነው” የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና ሁሉንም ዋጠው። በመስኮቱ የሚገባው የጭጋግ ብርሃን ነጭ ልብስ የሚያሳይ እንጂ ፊት የሚያሳይ አልነበረም። ትርንጎ የልጇን ሁለት እጆች ፈልጋ ያዘች። ቀዝቃዛና የረጉ ነበሩ።

ሚዜዎቹ ገቡ መሰል፣ የኮሪደሩ ጣውላ ይጮኽ ጀመር። በዝናቡ መሐል ትርንጎ ጆሮዋን አቀናች። ቀጭ ይላል። ከዚያ ሌላ እግር፣ ከፊተኛው ትንሽ ከበድ ያለ፣ ቀጭ። ከዚያ ብዙ፣ ቁጥሩ የማይያዝ፣ አንዱ ከሌላው ላይ እየተደራረበ፣ የእሳት ማገዶ እንደሚንጣጣ። ወደ ሳሎን አልታጠፉም። በሩ ድረስ መጡና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቆሙ፣ የተላጠ ድንች ሽታም ክፍሉን ሞላው።

ትርንጎ ወደ በሩ አላየችም። ካየች አፏ እንደማይከፈት አውቃለች።

“ፍኖት፣ ይህን ልጅ ማግባት አትችዪም። አጥናፉ አባትሽ አይደለም። ኢዮስያስ ወንድምሽ ነው።”

ለቅሶ ጠበቀች፣ ጥፊም ቢሆን ጠበቀች። ፍኖት ግን እጇን ከእናቷ እጅ አውጥታ የእናቷን ፀጉር ዳበሰች፣ ታሞ የተኛ ሕፃን እንደሚዳበስ።

“ቀስ በዪ እማዬ፣ አባዬ ይሰማል።”

“የምልሽ ገብቶሻል? የአንድ አባት ልጆች ናችሁ እኮ።”

በሩ ላይ የቆሙት በአንድነት ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ፍኖትም አብራ ሳበች።

“እናውቃለን እማዬ፣ እነሱም ሁሉ ያውቃሉ” አለች በዚያ በለዘበ ድምፅ፣ “ከእንግዲህ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ከእኛ ጀምሮ ነው።”