የቆሽት ቦታ

ጥይት የራሷን ውሃ ጨርሳ የምሁሯን ኮዳ አነሳች። ሳታስፈቅድ ግጥም አድርጋ ጠጣችና ባዶውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ግመል ሆንሽ እንዴ?» አለች ምሁሯ።

«ሙቀቱ ነዋ፤ አይታይሽም?»

ሙቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ የሳይንስ ክበቡ ክፍል መብራት በቀን በርቷል። ሁለቱ ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። አንዷን ጥይት ያሏት በሩጫ የሚቀድማት ስለሌለ ነው፤ ሌላዋን ምሁሯ ያሏት ደግሞ በመነጽሯና ማለቂያ በሌለው ጥያቄዋ።

የባዮሎጂ መምህሩ የሰጧቸው ሥራ የሰውን አካል በኮምፒውተር መመደብ ነው። ልብ ከደም ዝውውር ሥርዓት ሥር ይገባል፣ ሳንባ ከመተንፈሻ፣ ኩላሊት ከሽንት። የመምህሩ ሕግ አጭር ነው፤ «አንድ አካል፣ አንድ ቤት። ሁለት ቦታ የሚያድር አልፈልግም።»

«ቀጥሎ ማነው?» አለች ጥይት ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ። «ቆሽት? የእናቴ እንኳ በእኔ የተነሳ አርሮ አልቋል፤ እሱን የት ልታስገቢው ነው?»

ምሁሯ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። የጓደኛዋ ትንፋሽ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። በቅርቡ ልክክ ይላት የነበረው ቀሚስም አሁን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ዛሬም አስመለሰሽ?»

«ጀመረሽ ደግሞ። ቃል ገብተሻል እኮ። እናቴ ከሰማች የቅዳሜው ውድድር ቀረ ማለት ነው። ትንፍሽ ብትዪ ዓይንሽን አላይም።»

ጥይት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ወደ ልምምድ ሜዳው ከመውረዷ በፊት እንደገና ሽንት ቤት ገባች።

ምሁሯ ቆሽትን ከምግብ መፍጫ ሥርዓት ሥር አስገባችው። መጽሐፉን ገለጥ ስታደርግ ግን ሌላም ሥራ እንዳለው አየች፤ የደምን ስኳር የሚቆጣጠር ሆርሞን ያመነጫል።

«መምህር፣ ቆሽት ሁለት ቤት አለው።»

መምህሩ በክፍሉ ሌላ ጫፍ ወንበር መደርደራቸውን ትተው መጡ። «እውነትሽን ነው። ሕጌን አፍርሺውና ሁለቱም ጋ አስገቢው።»

«ሆርሞን ማመንጨቱን ቢያቆምስ?»

«ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማላ። ሰውየው ውሃ ውሃ ይላል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፣ እየበላ ይከሳል። ሲብስበት ያስመልሰዋል፣ የትንፋሹም ሽታ ይለወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ሐኪም ካልደረሰለት ራሱን ይስታል። ሊሞትም ይችላል። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ምሁሯ ከወንበሯ ተነሳች። ጥማቱን ለሙቀት፣ ክሳቱን ለልምምድ፣ ማስመለሱን ለውድድር ፍርሃት ሰጥታ ሁሉንም በየቤቱ ስትዘጋበት ከርማለች። አሁን ሁሉም አንድ ቤት ገቡ። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«ጥይት ናት፣ መምህር» አለችና ደረጃውን በሩጫ ወረደች። መምህሩም ተከተሏት።

ጥይት ሜዳው ዳር ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። «ወዴት ነው?»

«እናትሽ ጋ።»

«አታደርጊውም» ብላ ጥይት ልትይዛት ተንደረደረች።

ምሁሯ ሮጠች። በሕይወቷ ጥይትን ቀድማ የትም ደርሳ አታውቅም፤ አሁንም አፈፍ ታደርገኛለች ብላ ትከሻዋን ሰበሰበች። ከኋላዋ የሚመጣው ኮቴ ግን እየቀዘቀዘ ሄደና ጭራሽ ቆመ። ዞር ስትል ጥይት ሣሩ ላይ ተንበርክካለች። መምህሩ ደርሰው በአንድ እጃቸው ደግፈዋታል፤ በሌላው ምሁሯን ሂጂ ሂጂ ይሏታል።

«አላውቅሽም!» አለች ጥይት በደከመ ድምፅ። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።»

ምሁሯ እያለቀሰች በግቢው በር ወጣች። የጥይት እናት ልብስ መስፊያ ቤት ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እናትየው ድምፅ ሰምተው ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉና ፈገግ አሉ።

«እሰይ! ዛሬ ደግሞ ጥይትን ቀደምሻት?»

ምሁሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

«እትዬ፣ ስፌቱን ይተዉትና ይምጡ» አለች። «የደበቅንዎት ነገር አለ።»