ባለቤቱን ያቅርቡልን

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን የደረሰብኝን በዓይኔ አይቻለሁና አልክድም።

ሉሳካ፣ ማቴሮ ሰፈር። ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች... ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ።

አባቴ ካፓሳ ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። በሕይወት ሳለ የአገራችንን ተረቶች በራሱ ድምፅ እየቀዳ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የድረ ገጹ ዶሜይን፣ ተከራይቶት የነበረው የኢንተርኔት አድራሻ፣ ደግሞ የሚያበቃው የዚያን ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ካልታደሰ ሁሉም ይጠፋል። አባቴን ሁለተኛ ልቀብረው ነው ማለት ነው።

አድራሻውን ወዳከራየው ኩባንያ ደወልኩ። ባለቤቱ ራሳቸው ካልፈቀዱ አይሆንም አሉኝ። ሞቷል እኮ አልኳቸው። የሞት ምስክር ወረቀት ላኪ አሉኝ፤ ላክሁ። ዝም።

ደግሜ ደወልኩ። ሌላ ሰው አነሳ፤ ከሀ ጀምሬ ተረክሁለት። እሱም ወረቀቱን ላኪ አለኝ። ላክሁ። ሦስተኛዋ ደግሞ “ይጠብቁ” ብላ ሃያ ደቂቃ አንጠለጠለችኝ። እንባዬ መጣ፤ በንዴት።

ስትጠብቁ ሙዚቃ ይሰማል አይደል?

እኔ የሰማሁት ሳል ነው... ደረቅ የሽማግሌ ሳል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል አራተኛው አነሳ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው።

“ወይዘሮ ሙሶንዳ፣ ወረቀቱ ደርሶናል። ለባለቤቱም አሳይተናቸዋል።”

“ለማን?”

“ለባለቤቱ። አንብበውታል... አልተቀበሉትም።”

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

“ቤትዎ ውስጥ ካፓሳ የሚባል ሰው የለም?” አለኝ።

አለ። የአምስት ወር ልጄ።

አባቴ በተቀበረ በሁለተኛው ወር ነው የወለድኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰ። እንደ ወጋችን አክስቴ ቺሌሼ የሞቱ ዘመዶቻችንን ስም አንድ በአንድ ጠራችለት። “ካፓሳ” ስትል ጸጥ አለ። ስሙም በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ እኔ “አባቴ” እለዋለሁ፤ እሷ “ወንድሜ” ትለዋለች።

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ የተባልኩትን ነገርኳት። አክስቴ ደጃፉ ላይ የዱባ ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር፤ በሳቅ ፈረሰች።

“ታዲያ ባለቤቱን ካሉሽ ስጪያቸዋ! ይኸው ወንድሜ፣ ጡቱን ጠብቶ ተንጋሏል።”

እኔም ሞኟ... ሰዓቱ አስጨነቀኝ። ስሙ ካፓሳ ከሆነ ዋሸሁ አይባልም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

“አለ” አልኩት። “እቤት ነው።”

“ያቅርቡልን።”

ስልኩን ልጄ ጆሮ ላይ አደረግሁ።

ነቃ። አላለቀሰም። ዓይኑን ከፍቶ አዳመጠ።

“ጤና ይስጥልኝ አባባ” ሲል ሰማሁት ሰውዬውን።

ዝምታ።

“አዎ... አዎ። የያዘችዎት ልጅዎ ናት?”

ዝምታ። ከዚያ ሰውዬው ሳቀ፤ ቀልድ እንደ ሰማ ሰው።

“እሺ፣ እነግራታለሁ።”

አክስቴ ቅጠሉን ጣለችው።

“ቀሚው” አለችኝ በሹክሹክታ።

“ምን?”

“ስልኩን ቀሚው... ሙሶንዳ፣ ቀሚው!”

ስልኩን ልነጥቅ ስሞክር ከውስጡ ድምፁ ለእኔ መናገር ጀመረ።

“ባለቤቱ አረጋግጠዋል። ለሃያ ዓመት ታድሷል።”

“ለእኔ ይዛወርልኛል?” አልኩ።

“አይዛወርም። ያልነገርኳቸው ተረቶች አሉኝ፣ ራሴ እጨርሳቸዋለሁ ብለዋል።”

“አሁን ያናገራችሁት እኮ ልጄ ነው! ሕፃን ነው!”

ሰውዬው ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል።

“ሕፃን መዝገባችን ላይ የለም፣ እመቤት።”

ተዘጋ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ድረ ገጹን በአክስቴ ስልክ ከፈትነው። ተረቶቹ ሁሉ አሉ፤ የአባቴ ድምፅ አልጠፋም። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ደስ አላለኝም።

ልጄ ስልኩን አልለቀቀም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ላላቅቅ ሞከርኩ፤ አቃተኝ። አክስቴ አገዘችኝ... ሁለት ትልልቅ ሴቶች የአምስት ወር ሕፃን እጅ መክፈት አቃተን።

ጥሪው ከተዘጋ አንድ ሰዓት አለፈ።

እሱ ግን የጠፋውን ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ፣ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ ያዳምጥ ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ ራሱን በቀስታ ይነቀንቃል።