ዘጠኝ ደቂቃ

ዶክተር ስለሺ የቦቢን ሆድ ወደ መስኮቱ አዙረው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ፀጉሩ የተላጨው ቦታ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። ውሻው እንዳይነኩት ፈርቶ አፍንጫውን በባለቤቱ በትህትና ብብት ውስጥ ወሸቀ።

«ስንት ደቂቃ ነው ያበራሽለት?»

«ሦስት» አለች ትህትና። «ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ። እንዳሉኝ።»

ደቂቃውን የምትመዘግብበትን ደብተርም ሰጠቻቸው።

ቦቢ ዓመት ሙሉ ሲያክክ የኖረ ውሻ ነው። ሆዱ ይቆጣል፣ ይላጣል፤ በክኒን ሻል ይለውና ክኒኑ ሲያልቅ ይብስበታል። የኮምቦልቻው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ስለሺ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ በእጅ የሚያዝ የአልትራቫዮሌት መብራት ይዘው መጥተው ነበር። ጨረሩ በልኩ ሲሆን የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል፣ ሲበዛ ግን ያቃጥላል ብለው አስረዷት። ከምትኖርበት ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ ስለማይቻል መብራቱን አዋሷት። የውሻውን ዓይን እንድትሸፍን፣ እሷም መነጽር እንድታደርግ፣ በሰዓት እየለካች እንድትመዘግብ አሳዩዋት። አንድ ቀን እንኳ ካለፋት እንድትደውልላቸው፣ ልኩ እንደገና መቀነስ እንዳለበት ደጋግመው ነገሯት።

አንድ ወር እንደተባለችው አደረገች። ቦቢ ሳያክክ መተኛት ጀመረ።

ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለቀ። ጓደኛዋ ወንጌላዊት በየቀኑ ፒያሳ ጁስ ቤት እንሂድ ትላት ጀመር። ትህትና የውሻውን ነገር ስታነሳባት «አታካብጂ ባክሽ፣ ነገ ታደርጊለታለሽ» አለቻት። ሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ፣ አርብም አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ትህትና ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። መቆጣታቸውን ፈራች። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነው ብላ መብራቱን ዘጠኝ ደቂቃ ያዘችበት። ቦቢ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ጅራቱን በቀስታ እየቆላ፣ እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ተኛላት። ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ጻፈች፤ በየመስመሩ ሦስት ደቂቃ።

አሁን ዶክተር ስለሺ እነዚያን መስመሮች አንድ በአንድ አነበቡ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሦስት ደቂቃ እንዲህ ካቃጠለ፣ ከእንግዲህ በማንም እንስሳ ላይ አላበራውም።»

ትህትና ይዛ የመጣችውን መብራት ቁምሳጥን ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ለቦቢ ቅባት ሰጧት።

በር ላይ ጋሽ ሀምዱ የሚባሉ የመጋዘን ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ ያረጀና ጀርባው የቆሰለ ውሻቸውን በገመድ ይዘው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እሳቸውም የመጡት ለመብራቱ ነው። ዶክተሩ የመብራቱ ሕክምና መቆሙን ሲነግሯቸው ለምን ብለው አልጠየቁም። «ኸይር ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ትህትና ዞር አሉ፦ «የኔ ልጅ፣ ያንቺንም አላህ አፊያ ያድርገው።»

ትህትና ቦቢን ይዛ በፍጥነት ወጣች።

አባቷ ጸጋው አይሱዙውን ጭኖ ይጠብቃት ነበር። ከኮምቦልቻ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ፣ አታልቅሺ፣ አንቺ የተባልሽውን አድርገሻል እያለ ሊያጽናናት ሞከረ። ይህን ሲላት የበለጠ ከፋት። የቦቢን ጭንቅላት ልትዳብስ እጇን ዘረጋች። ቦቢ ሸሸ።

«አባዬ፣ አቁምልኝ።»

«አመመሽ?»

«ሦስት ደቂቃ አልነበረም። ዘጠኝ ነው። ደብተሩም ውሸት ነው።»

አባቷ መኪናውን ጥግ አስያዘ።  ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ዕቃውን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ፣ መመለስ እንደማይችል ነገራት።

«በባጃጅ እወርዳለሁ» አለች።

«ብቻሽን ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እኔ ነኝ የዋሸኋቸው።»

በሩን ከፍቶ ቦቢን እንድታወርድ አገዛት። ትህትና ውሻዋን ቁስሉ እንዳይነካ ተጠንቅቃ አቀፈችው። መንገዱን ተሻግራም ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ለሚመጣው ባጃጅ እጇን አነሳች።