ከመሳቢያ የወጣ ቁጥር

አካሉ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለው ክሊኒክ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሰዓት በእጁ ይዞ የተቀመጠው በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ውስጥ ነው። ታሞ እንዳይመስላችሁ። መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት አገልግሎት እንዴት እንደሚካሄድ የሚያጠና ነውና፣ ሕመምተኛ ስንት ደቂቃ ወረፋ እንደሚጠብቅ እየቆጠረ እንዲጽፍ ተልኮ ነው። ጎበዝ ልጅ ነበር። ኋላ ጉድ ያደረገውም ይኸው ጉብዝናው ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ የክሊኒኩ ብቸኛ ጸሐፊ ዲንቄ ትቀመጣለች። የእንጦጦ ልጅ ናት፤ አባቷ አቶ ሰቦቃ ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ አሁን የባሕር ዛፍ ደን ይጠብቃሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለተሰለፈው ሰው ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ታድላለች፤ ቆርቆሮው ስልሳ ነው፣ ያልደረሰው ሰው ለነገ ይባላል።

በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» እየተባባሉ ስለ መዝገብ ብቻ ተነጋገሩ። በሁለተኛው ሳምንት አካሉ ቀና ባለ ቁጥር ዐይኗን እያገኘው ደቂቃው ይጠፋው ጀመር። በሦስተኛው፣ ቤቷ ሽቅብ ሆኖ ሳለ ከሥራ በኋላ ቁልቁል እስከ ቀበና ድልድይ ትሸኘዋለች፤ እሱ ደግሞ ቤቱ እዚያው ቀበና ሆኖ ሳለ መልሶ ሽቅብ ይሸኛታል። ሁለቱም ይኼ ምን ዓይነት ሽኝት ነው ብለው አልጠየቁም።

አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ ቁጥሩ አልገጥም እንዳለው ነገራት። ጠዋት የሚታደለው ሃምሳ ነው፤ ታክሞ የሚሄደው ግን ስልሳ ሰው ነው። ዲንቄ ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ አየች።

«ለሰው አትነግርም?»

«እናቴ ትሙት፣ አልነግርም።»

ነገረችው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ሸክማቸውን ሳይሸጡ ቢሰለፉ ልጆቻቸው ጦማቸውን ያድራሉ። ሸጠው ሲመጡ ደግሞ ረፍዶ ቁጥሩ አልቋል። ስለዚህ አሥሩን ቆርቆሮ ጠዋት መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀርላቸዋለች። ማንም አላዘዛትም። እናቷ እንጨት ተሸካሚ እንደነበረች ስትነግረው ድምጿ ዝቅ አለ። አካሉ ያን ቀን እንደሚወዳት አወቀ፤ አውቆም አልቀረ፣ ነገራት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ሳቀች።

በኅዳር አለቃው አቶ ኃይለ መስቀል የጥናቱን አሥራ ሁለት ገጽ አገላብጠው አዩና ይኼ ሁሉ ሠንጠረዥ ነው፣ ግኝቱ የታለ አሉት። ጥናቱ ከሁሉ የበለጠው ሰው በመስከረም ውጭ አገር ለትምህርት እንደሚላክም ጣል አደረጉ። አካሉ ቤቱ ገብቶ አንድ መስመር ጨመረ። «ጸሐፊዋ በየቀኑ አሥር ቁጥር በመሳቢያ ደብቃ ለፈለገችው ሰው ትሰጣለች።» ስም አልጠራሁም ብሎ ራሱን አጽናና። አይ አካሉ፣ ክሊኒኩ ያለው እኮ አንዲት ጸሐፊ ብቻ ነው!

በታኅሣሥ ዲንቄ ቁጥር ትሸጣለች ተብላ ከሥራ ተባረረች። አቶ ኃይለ መስቀል የአካሉን እጅ ጨብጠው ፓስፖርትህን አውጣ አሉት። እሷ በዚያው ሰሞን ቀበና ድልድይ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ማን እንደጠቆመባት አላወቀችም። እሱ ከአጠገቧ ቆሞ ያወጣው ቃል «አይዞሽ» ብቻ ነበር። መሐላውን ባሰበ ቁጥር የእናቱን ፊት ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በክሊኒኩ በኩል ሲያልፍ ጂቱን አያት። ያኔ ሲቆጥር የሚያውቃት እንጨት ተሸካሚ ናት፤ የሚያስል ልጇን አዝላ ተመልሳ ሽቅብ ትወጣለች። አዲሱ ጸሐፊ እንደ ደንቡ ስልሳውንም ጠዋት አድሎ ጨርሷል። የልጁ ሳል ርቆ እስኪጠፋ ድረስ አካሉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ዲንቄ ማመልከቻ እንዲጽፍላት ቤቷ አስጠራችው፤ የቢሮ አጻጻፍ የሚያውቅላት እሱ ነዋ። አቶ ሰቦቃ ወንበር ሰጡት፣ ቆሎ አቀረቡለት። ልጄን ሁሉም ሲሸሻት አንተ አልሸሸሃትም፣ እግዜር ይስጥህ ብለው መረቁት። ምርቃቱ ከእርግማን ይልቅ አንገበገበው።

ዲንቄ እየነገረችው ጻፈ። ስሟን ጻፈ፣ ያገለገለችበትን አራት ዓመት ጻፈ።

«ቀጥል፤ የማላውቀው ሰው ያለ ጥፋቴ ስለ ጠቆመብኝ በል።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዲንቄ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።»

አቶ ሰቦቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ የምትመለከተው ወረቀቱን ነበር።

«ቁጥሩን የማስቀርበትን ምክንያትስ ጽፈህ ነበር?»

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

በሠንጠረዡ ቦታ አልነበረውም ሊል ነበር፤ አፈረ። «ውጭ አገር መሄድ ፈልጌ» አላት።

የተጀመረውን ማመልከቻ ከፊቱ አንሥታ ባዶ ወረቀት አስቀመጠችለት። «እንግዲያው ይኼን በራስህ ስም ጻፈው። ከዚያ ሂድ።»

ጻፈው። የደበቀውን ምክንያት፣ መሐላውን፣ የጂቱን ልጅ ሳይቀር ጻፈ። ሰኞ ሲያቀርበው አቶ ኃይለ መስቀል በገዛ እጅህ ራስህን እየጎዳህ ነው፣ መልሰህ ውሰደው ብለው ለመኑት፤ አልወስድም አለ። የውጭ አገሩ ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እሱ መዝገብ ቤት ተመደበ። በሚያዝያ ዲንቄ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ አሥሩ ቁጥር አርፍደው ለሚመጡ እንዲቀመጥ በደብዳቤ ታዘዘ። አካሉ ደስ አለው፣ ግን በምን ፊቱ ይሂድ? ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ከድልድዩ ተመለሰ።

በሰኔ ሳል ያዘው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለሳል ሌላ ሐኪም ጠፍቶ አልነበረም። አምስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ዲንቄ መዝገብ ላይ አቀርቅራ ነበር።

«የጠዋቱ ቁጥር አልቋል።»

«አውቃለሁ።»

ድምፁን ስትሰማ ብዕሯ ቆመ። ቀና አላለችም። እሱም እያሳለ ቆመ። በመጨረሻ መሳቢያውን ሳበችና አንድ ቆርቆሮ መስኮቱ ላይ አኖረችለት። ስልሳ ይላል።

«እንጨት ተሸካሚዎቹ ይቅደሙ። አንተ መጨረሻ ነህ።»

«እጠብቃለሁ።»

ከጂቱ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ገብተው ወጡ። የሐኪም ረዳቱ ድሬሰር የሳል መድኃኒት ሰጥቶት አካሉ ሲወጣ፣ የሰኔው ዝናብ አባርቶ ዲንቄ መስኮቱን እየዘጋች ነበር።

«ስንት ደቂቃ ጠበቅህ?» አለችው፣ ሳታየው።

«አልቆጠርኩም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል መንገድ ጀመረች፤ እሱም ከጎኗ ተራመደ። እስከ ቀበና ድልድይ አብረው ወረዱ። እዚያ ሲደርሱ እሷ ወደ ቤቷ ሽቅብ ተመለሰች፤ እሱም ሊሸኛት ተከተላት። አትምጣ አላለችውም።