ከተዘጋው በር ጀርባ ያለው ቻይንኛ

አምሳሉ ገብረዋህድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ልደታ፣ ከእናቱ ቤት ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ከአልጋው ወርዶ መሬት ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ፔኪንግ ሄዶ የቻይንኛ ቋንቋ እንዲማር መንግሥት መርጦት ነበር፤ የቀረው ሰኞ የሚደረግለት የጤና ምርመራ ብቻ ነው። ራስጌው ላይ የኮሶ ዋንጫ ቆሟል። ኮሶውን የሰጡት እናቱ ወይዘሮ አባዲት ናቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረጊዮርጊስ ከዚህ በላይ ማሰላሰል አላስፈለገውም፤ እናትየዋን ቀበሌው እስር ቤት ዶላቸውና ለፖሊስ ደወለ።

እሑድ ጠዋት ሻምበል ጻድቃን መጣ። ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያዳምጥ ዓይኑን ከድኖ የሚያንቀላፋ የሚመስል መኮንን ነው። ተኝቷል ብለው የዋሹት ሁሉ በኋላ ተጸጽተዋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ ጓድ ሻምበል» አለ ሊቀ መንበሩ። «እንዳይሄድባት ነው የመረዘችው። ዕድር ላይ በሰው ፊት ‹ቻይና ከሚሄድብኝ እዚሁ ልደታ ብቀብረው ይሻለኛል› ብላለች። አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷል፤ ቀበሌያችን እንዲህ ያለ ጉድ ተንጠልጥሎበት እንዲያከብር አልፈልግም።»

«እናት ስትናደድ የማትለው የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አስቀድመህ እሳቸውን አገናኘኝ።»

ወይዘሮ አባዲት ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እንኳ ያቀበላቸው የለም።

«ኮሶውን ለምን ሰጡት፣ እናቴ?»

«ባለፈው ሲመረመር ሆዱ ውስጥ ትል አለ ብለው መለሱት። ሰኞም ከተገኘበት ዕድሉን አብሮት ለሚማረው ለባፈና ሊሰጡት ነው። ልጄ እንቅልፍ አጣ። እንዳይሄድ የምመኘው እኔው፣ አንጀቴን በላኝና ወቅጬ በጥብጬ ሰጠሁት።»

«ልኬቱስ?»

«ጌታዬ፣ የዚህን ሰፈር ሰው ሁሉ ያሻርኩ እኔ ነኝ። በሻሽ አጥልዬ፣ የዋንጫውን ግማሽ። ከዚያ አላለፍኩም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያለፍኩ አይመስለኝም» አሉ።

«ከዚያስ?»

«በሩን ዘጋሁለት። መቼም ኮሶ የጠጣ ሰው ዘንድ አይገባም። ደጅ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ ረፋዱ ላይ ጥናቱን ጀመረ። ሁልጊዜም ጮክ ብሎ ነው የሚያጠናው፤ ድምፁን ሲያወጣው ሲያወርደው ዜማ ይመስላል። የጎረቤቴ የጠጅቱ ልጆች ሲንጫጩ ‹ዝም በሉ፣ ልጄ እያጠና ነው› ብዬ ተቆጣሁ። ብቻ የትናንቱ ለጆሮዬ ልዩ ሆነብኝና ባፈናን ጠየቅሁት። እሱም ቋንቋውን ያውቀዋል። ሊጠይቀው መጥቶ፣ ኮሶ ጠጥቷል ስለው በሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ‹አዲስ ትምህርት ጀምሮ ነው፣ እማማ፤ አይረበሽ› አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ። ልጄ ዕረፍት አገኘ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሻምበሉ ዓይኑን ገለጠ። ወዲያው ደግሞ መልሶ ቢከድነውና ይህን ባይሰማ በወደደ ነበር።

ከዚያ ወደ ጓሮዋ ክፍል ሄደ። ከራስጌው ያለው የቀንድ ዋንጫ ታችኛው ክፍል ንጹሕ ነው፤ የተጣራ ነገር የተጠጣበት ነው። አልጋው ሥር ግን አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ተንከባሎ ገብቷል። በውስጡ ያልተጣራ የኮሶ አተላ ደርቆ ተጋግሯል። ሻምበሉ ኩባያውን ይዞ ጌጃ ሰፈር ወረደና ኮሶ የምትሸጠውን ሙሉመቤትን ጠየቀ።

«ያ ቻይና የሚሄደው ልጅ? ዓርብ ዕለት ወስዷል» አለች። «‹እናቴ የምትሰጠኝ ባይበቃስ› ብሎኝ ነበር። ምነው፣ አልሻለውም?»

ሻምበሉ ኩባያውን አንሥቶ ወጣ። ተመልሶ ግድግዳ የምትጋራቸውን ጎረቤት ጠጅቱን አነጋገረ።

«ድምፁን ሰምተሻል?»

«እንዴት አልሰማ? ቻይንኛ ነበር።»

«ቻይንኛ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ከየት አውቄ? ክረምቱን ሙሉ በግድግዳው አልፎ ሲመጣብኝ የኖረው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ።»

«ባፈናስ መቼ ሄደ?»

«ድምፁ ሲያበቃ ተነሣና ሄደ።»

የመጨረሻው ሁለቱን ልጆች የሚያስተምሩት አቶ ወልደትንሣኤ ነበሩ። በአብዮቱ መባቻ ፔኪንግ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። «እዚያ አገር ተማሪው ማለዳ ዛፍ ሥር ቆሞ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው» አሉ። «እነዚህንም ያስለመድኳቸው ያንኑ ነው።»

«ሰሞኑን አዲስ ትምህርት ሰጥተዋቸዋል?»

«አዲስ? መጽሐፉን ከጨረስን ቆየን እኮ። ክለሳ ላይ ነበርን።»

ከቀብሩ በፊት ሻምበሉ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰባቸው። ወይዘሮ አባዲት በሁለት ጥበቃዎች መካከል መጡ። ባፈና ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ከመምህሩ ጎን ተቀመጠ።

«የገደለው ኮሶ ነው» ብሎ ጀመረ ሻምበሉ። «የእናቱ ብቻ ቢሆን ግን አይገድለውም ነበር። የእሳቸው የተጣራና የተለካ ነው። አልጋው ሥር ያገኘሁት ያልተጣራ ነው፤ እሱንም ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ በጥብጦ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ደርቦ ጠጣው። ሰኞ እንዳይወድቅ ፈርቶ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በወደደ። ጓድ ገብረጊዮርጊስ ግን ተነሣ።

«ይሁን። ሰው ሲያጣጥር በሩ ላይ ቁጭ ብላ አልሰማችም? ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ሰምታ ዝም ካለች ያው ገዳይ ናት።»

ሻምበሉ ወደ ወይዘሮ አባዲት ሊያይ አልደፈረም። «ባፈና፣ ተነሥ» አለ። «አምሳሉ ይከልስ የነበረውን በቃልህ ድገምልን።»

ባፈና ቆመና ይደግም ጀመር። ድምፁ በልክ ይወጣል፣ በልክ ይወርዳል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይጀምራል።

«ኧረ ይሄ አይደለም» አለች ጠጅቱ፣ አፏን በእጇ ይዛ። «የትናንቱ ይሄ አይደለም።»

«አይደለም» አለ ሻምበሉ። «ሰፈሩ የሰማው የሚያጣጥር ሰው ድምፅ ነው። እኛ ቋንቋውን የማናውቀው ብንሳሳት ያለ ነው። አንተ ግን ታውቀዋለህ። እናቱ ተጠራጥረው ሲጠይቁህ፣ የሌለ አዲስ ትምህርት ፈጥረህ ከበሩ መለስካቸው። ድምፁ እስኪያበቃም ቁጭ አልክ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።»

«እኔ ምንም አላጠጣሁትም» አለ ባፈና። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ታሞ ከሰኞው ምርመራ ይቀራል ብዬ ነው። ይሞታል አላልኩም።»

አቶ ወልደትንሣኤ መቀመጫቸውን ከተማሪያቸው አራቁ።

«ለዚህ ሕጉ የሚሰጥህ ጥቂት ወራት ነው» አለ ሻምበሉ። «ያውም ነገ ‹ትምህርት መስሎኝ ነው› ብለህ ቃልህን ካልለወጥክ።» ይህን ሲናገር ሥራውን ጠላው። ባፈናን ይዘውት ወጡ፤ ሊቀ መንበሩም ለጥበቃዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠና ወይዘሮ አባዲትን ለቀቋቸው።

እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሻምበሉ ፊታቸው በርከክ አለ።

«እናቴ፣ ልኬትዎ ትክክል ነበር። ነጻ ነዎት። ይነሡና ልጅዎን ይቅበሩ።»

«ያን ጊዜ ገብቼ ቢሆን ይድን ነበር?»

አስከሬኑን ያየው ሐኪም መልሱን ጠዋት ነግሮታል። «አላውቅም» አለ ሻምበል ጻድቃን።

ወይዘሮ አባዲት ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት።

«ልኬቱ ተሳስቶብኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ስቼ ነው እል ነበር። ይሄን ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»