የእሑዱ ጥይት

«የቱን ልያዝ?»

ፀደንያ የአባቷን መልእክት ደጋግማ አነበበችው። መልሱን ገና አታውቀውም። የተቀመጠችው ጣና ዳር፣ የጓደኛዋ የሱምያ አባት ጋሽ ሱሌማን ጀልባ ከሚሠሩበት ዳስ ሥር ነው። የግንቦት መጨረሻ ሙቀት ሸሚዟን ከጀርባዋ ጋር አጣብቆታል።

አባቷ አንዳርጋቸው ፕሪቶሪያ ውስጥ ሱቅ አለው። እሑድ እሑድ በሪቮልቨር ሽጉጥ ዒላማ ይወዳደራል። የተሞላ ጥይት አይገዛም፤ ቀለሁን፣ ባሩዱንና ጫፉ ላይ የሚገባውን እርሳስ ለየብቻ አምጥቶ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ራሱ ይሞላል። እዚያ እያለች እርሳሱን የምትመዝነው፣ ፍጥነቱን ከመለኪያው አንብባ የምታሰላው እሷ ነበረች። በውድድሩ ደንብ የእርሳሱ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ ለሺ ሲካፈል ከ125 ካነሰ፣ ተኳሹ ዒላማውን ሁሉ ቢመታ እንኳ ነጥቡ ዜሮ ነው።

ጥር ላይ ከእናቷ ጋር ብቻ ባሕር ዳር ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አባቷ ስለ ትምህርቷም፣ ዓባይ ማዶ ስለተከራዩት ቤትም ጠይቋት አያውቅም። የሚጽፍላት ስለ ጥይት ነው። በቀደም «ክለቡ ውስጥ አንድ ልጅ በስልኩ ያሰላዋል፤ እኔ ግን ያንቺን ነው የማምነው» ብሏት ነበር። ብቻዋን ስትሆን ያንን መልእክት ፈልጋ ታነበዋለች።

ሪቮልቨሩ ሁለት ዓይነት ጥይት ይጎርሳል። አጭሩ፣ ሠላሳ ስምንት የሚሉት፣ ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ እጅ አያንገላታም። ረጅሙ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ሰባቱ፣ ኃይለኛ ነው፤ ተሰብሮ የዳነውን የአባቷን የእጅ አንጓ ያሳምመዋል። ቀላሉን፣ አጭሩን፣ ታኅሣሥ ላይ አብረው ለክተውት 127 ወጥቶ ነበር።

«ምንድን ነው እንዲህ ያፈጠጥሽበት? ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?» አለች ሱምያ፣ የጀልባ ቀለም የነካውን እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«አባቴ ነው። ጥይት እየመረጥሁለት ነው።»

«ቀስ በይ እንጂ!» ሱምያ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። «አንቺ ፈረንጅ፣ እዚህ ስለ ጥይት እንዲህ ጮክ ተብሎ ይወራል? ወላሂ አንድ ቀን ታሳስሪናለሽ።»

«የውድድር እኮ ነው።»

«እሱን ለሚይዝሽ ሰውዬ ታስረጂዋለሽ።»

ፀደንያ ሳቀች። «ቀላሉ ይበቃል፤ 127 ነው» ብላ ላከች። ብዙም ሳይቆይ የድምፅ መልእክት መጣላት።

«ጎበዝ የኔ ልጅ! በቃ፣ ቀላሉን ሻንጣ ውስጥ ከተትሁት። ነገ በጧት ነው የምንጀምረው።»

መልሳ ሰማችው። እንደገናም ሰማችው። የምትሰማው «ጎበዝ የኔ ልጅ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

«ለኔም አሰሚኝ እስቲ» አለች ሱምያና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ፊቷ ተቀየረ። «አባትሽ አሞታል እንዴ? ጥርሱ ሲንገጫገጭ አይሰማሽም?»

«ምን ያንቀጠቅጠዋል፣ በዚህ ሙ…» ፀደንያ ቃሉን አልጨረሰችውም።

እዚያ አሁን ብርድ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፕሪቶሪያ ያቃጥላል፤ በዚህ ወር ግን ጧት ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ባሩድ ሲቀዘቅዝ የጥይቱ ፍጥነት እንደሚወርድ ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። አሁን ግን ሐሳቡን ለእሷ ትቶላታል። ብርዱ ከፍጥነቱ ሊቀንስ የሚችለውን ገምታ እንደገና አባዛች። 124 ወጣ።

«ታዲያ ምን ሆንሽ? ዝም በይው» አለች ሱምያ፣ ፀደንያ ስትነግራት። «ቢወድቅ መለኪያውን ነው የሚሳደበው። በምን ያውቅብሻል?»

ፀደንያ ቁጥሩን መልሳ አየችው። ሱምያ እውነቷን ነው፣ አያውቅም። ከነገረችው ግን ነገ በከባዱ እጁን እያመመው ይተኩሳል፤ ከነገ ወዲያም ጥያቄው ወደዚያ የክለቡ ልጅ ስልክ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለእሷ ምን ብሎ ይጽፍላታል?

«ሱሚ! ያን ምስማር አቀብዪኝ!» ብለው ጋሽ ሱሌማን ተጣሩ።

«መጣሁ፣ አባ!»

ሱምያ ስትሄድ ፀደንያ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። የለካነው በሙቀት እንደነበር ረስቼ ነው። በብርድ ቀላሉ አያልፍም። ከባዱን ያዝና አንጓህን በደንብ ጠቅልለው።»

ትንሽ አሰበች። «ያ የክለቡ ልጅም ደግሞ ያስላልህ» ብላ ጨመረች። አጠፋችው። መልሳ ጻፈችውና ላከችው።

ማንበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። «እየጻፈ ነው» የሚል ታየ፤ ጠፋ። እሑድ አለፈ፤ ሰኞም። በሳምንቱ ስልኳን ስትከፍት የመጨረሻው መልእክት የራሷው ነበር።